የጋለው ማሽንና የአባቴ ቃል

አባቴ በአንደበቱ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «ስሚኝማ» የሚል ነበር። ያለውም ለእናቴ ነው። ከጫጫ ገበያ ተመልሶ ገባ፤ ጋቢውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ «ስሚኝማ» አለ። እሷ ከጓዳ «አቤት» ብላ ስትወጣ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዙትም፤ ምላሱም ተሳሰረ። እናቴ ምን ልትሰማለት እንደ ነበር ሳታውቅ ቀረች።

ይህ የሆነው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። የደጋውን ስንዴና ገብስ ከጫጫ ይገዛል፣ በአንኮበር በኩል ወደ አሊዩ አምባ ያወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ የቆላውን ማሽላና በርበሬ ይዞ ይወጣል። ከንግዱ ይልቅ ግን ሰው የሚያውቀው በአንደበቱ ነበር። ለሽምግልና ይላካል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ መርዶ የሚያረዳ ሰው ሲታጣም እሱ ይጠራል። ነገርን ከሩቅ ካልጀመረ የተናገረ አይመስለውም። አምስት ብር እንድታበድረው ሊጠይቅህ ከአያትህ ጤና ይነሳል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ከሚባለው ነገር ብዙም አልተሰጠኝም፤ «አባዬ፣ ወደ ነገሩ ግባ» እያልኩ ነው ያደግሁት። እሱም ሁልጊዜ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኝ ነበር። እንቁላሉ ግን እኔ ተናድጄ ከቤት እስክወጣ ድረስ አይሄድም።

ያ አንደበት ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለ። እንደ ሰው ሞት የሚለቀስለት ስላልሆነ አልቅሰንም አልወጣልንም።

እናቴ ሐኪሙ ስለ ደም ስር የነገራትን ሰምታ፣ አመስግና፣ ቤት ስትገባ «ብርድ ነው የመታው፤ የጫጫ መንገድ ብርድ» ብላ ደመደመች። በዚህ ማንም አይከራከራትም ነበር። መስኮቱን ዘጋች፤ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈች፤ በላዩ ጋዜጣ ለጠፈችበት። የከሰል ማንደጃው ከጠዋት እስከ ማታ አልጋው አጠገብ ይነዳል። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የማያውቅ ሰው እብድ ሊላት ይችላል። እኛ ግን እዚያ ያደግን ነን፤ ብርድ በር አንኳክቶ እንደማይገባ እናውቃለን።

ልጆቿ ሦስት ነን። ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተልኮ ነበር። እኔ መካከለኛዋ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ታናሻችን በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ በኋላ ቀረ። ደብዳቤ የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩና እናቴ መንገዱን ታሳብብ ነበር። «መኪና የለም፤ ፖስታው ያደረው አንድ ቦታ ነው» ትላለች። እኛም «ይሆናል» እንላለን።

ታላቅ ወንድሜ ተመልሶ ደብረ ብርሃን ሥራ ሲይዝ ይዞት ከመጣው ዕቃ ውስጥ ኮምፒዩተር አለበት። የዛሬዎቹን የሚመስል አይደለም። የትልቅ መጽሐፍ ስፋት ያለው ጥቁር ነገር ነው፤ ፊቱ ላይ ቁልፎች አሉት፤ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። የሚሠራበትን ትእዛዝ የሚሰማው ከቴፕ ነው፤ ካሴቱ ሲዞር ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያወጣና ከደቂቃዎች በኋላ ዝግጁ ይሆናል። ቀበሌ በወሬ ሰምቶ አንድ ሰው ላከ። ሰውየው ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየውና «ይሄ መልእክት ያስተላልፋል?» ሲል ጠየቀ።

ወንድሜ «አዎ» አለው፤ «ከአልጋው እስከ በርጩማው።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የአባቴ ግራ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እስክሪብቶ ይዞ ፊደል መጣል አልቻለም፤ ሞክረን ሞክረን ወረቀቱ ቀለም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቁልፍ መጫን ግን ይችላል። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ እየተቀመጠ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል በነጥብ በነጥብ ሠራው። ሲጨርስ አባቴ በአንድ ጣቱ የጫነው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ በአማርኛ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ የጻፈው የእናቴን ስም ነው። ቀጥሎ እኔንና ወንድሜን በግራ እጁ ወዲያ አለን፣ እሷን በርጩማ ላይ አስቀመጠና «ስሚኝማ» ብሎ ጻፈ።

እናቴ ያን ቃል በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ንባብ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራች አነበበችው። «ስ፣ ሚ፣ ኝ፣ ማ።» ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን የተቋረጠ ነገር ሊቀጥለው መሆኑን ሁላችንም አወቅን። እኛ ልናነብላት ስንል «ተዉት፤ ለእኔ ነው የሚያወራው» አለች።

አባቴ ቀጠለ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ሊጨርስ ሲል ፊደሎቹ ተበታተኑ፤ ቴሌቪዥኑ ዥንጉርጉር ሆነ፤ ማሽኑ ቀጥ አለ። የጻፈውም ሁሉ ጠፋ።

ወንድሜ ማሽኑን በመዳፉ ነካው። ግሏል። «ፕሮሰሰሩ ነው» አለ፤ «አንጎሉ ማለት ነው። ሲያስብ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ሲያጣ ይቃዣል።» ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ውስጡን ማጣበባቸውን፣ ለሙቀቱ ማስወጫ የተሰጠችው ብረትም ትንሽ መሆኗን ነገረን። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አባቴ ያችው ቦታ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቀጥ አለ። ወንድሜ ጭራሽ እየባሰበት መሄዱ ገረመው።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ገባና ምክንያቱን አገኘው። እናቴ ማሽኑን በባና ጠቅልላዋለች። ቁልፎቹን ብቻ ለአባቴ ጣት ትታ፣ ሙቀቱ የሚወጣበትን ጀርባውን ሁሉ የመንዝ ሴቶች በሚሠሩት በዚያ በወፍራሙ የበግ ጠጉር ልብስ ሸፍናዋለች። እኔም ስገባ ስወጣ አይቼው ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም።

«እማዬ! ግሏል አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል እንጂ። ግሏል፣ ይቃዣል ብለኸኛል፤ ትኩሳት ነዋ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ትኩሳት ያለበት ይገለጣል እንዴ? ይሸፈንና ያልበዋል፤ ሲያልበው ይለቀዋል። አንተን ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ነው ያዳንኩህ።»

ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሙቀት ተምሮ መጥቶ ባናውን ይፈታ ጀመር። እኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ። አባቴም ሳቀ፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ስናየው የመጀመሪያችን ነበር።

ባናው ሲነሳ አባቴ «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን አሳለፍን» እስከሚለው ድረስ ደረሰ። እንግዲህ የማሽኑን ሙቀት የምንለካው በዚህ ነበር። ሌላ መለኪያ አልነበረንም፤ ማሽኑ ቀጥ ከማለቱ በፊት አባቴ የትኛው ቃል ላይ ደረሰ ነው ጥያቄው።

ወንድሜ ቀጥሎ የማሽኑን ሆድ ከፈተ። እናቴ የማትጠቀምበት፣ እጀታው የተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ነበረን። ቆረጠው፤ እንደ ቀሚስ ሽንሽን አጣጠፈው፤ ከትንሿ ብረት ጋር በብሎን አጥብቆ ሰፊ ጫፉን ወደ ውጭ አወጣው። «ሙቀት እንደ ሰው ነው፤ መውጫ በሩ ሲሰፋለት ቶሎ ይበተናል» አለ። ማሽኑንም ከሥሩ አየር እንዲገባው በሁለት ጉማጅ እንጨት ላይ አቆመው። መልኩ ተበላሸ፤ ቆርቆሮ ክንፍ ያወጣ ነገር መሰለ። ግን አባቴ አዲስ ቃል ላይ ደረሰ፦ «እግዜር የሰጠን ልጆች።»

እዚያም ላይ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ያን ሁሉ መግቢያ ምን አመጣው? የተረፈው አንድ ጣት ነው፤ ማሽኑ የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ ከ«ስሚኝማ» ይጀምራል። ወንድሜ መላ አመጣ፤ የተጻፈውን ካሴት ላይ አስቀምጦ በማግሥቱ ካቆመበት እንዲቀጥል አዘጋጀለት። አባቴ የትናንቱን ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አንድ በአንድ አጠፋውና «ስሚኝማ» ብሎ ጀመረ።

«አባዬ፣ በእናትህ፣ መጨረሻውን ብቻ ጻፈው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የምታዝንልኝ ዓይን ነበረች፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ግትርነት ነው ያልኩት።

እናቴ በበኩሏ «እግዜር የሰጠን ልጆች» የሚለውን ካነበበች ወዲህ የራሷን ትርጉም ይዛ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አሊዩ አምባ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል፤ እዚያ ሲወርድ ሁለትና ሦስት ቀን ያድራል። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ ስትቀልድ እሰማት ነበር። አሁን ግን ቀልዱ እውነት መሰላት። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች፣ ሳታየኝ፣ «ወልዷል» አለችኝ። «ቆላ የወለደው ልጅ አለ። ልቡ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ምን አደርጋለሁ? ልጁ ምን አጠፋ። ይምጣ። ታናሽሽ የሚተኛበት አልጋ ባዶውን ነው ያለው፤ ባለአልጋው እስኪመጣ ይተኛበታል።» ተናዳ ነበር፤ ግን አልጋውን በዚያው ሳምንት አራግፋ አነጠፈችው።

ወንድሜ መላው ሁሉ አልቆበት አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ እሱንም ለመናገር ፈርቶ ሰነበተ። ጥፋቱ ክፍሉ ነው። ከሰሉ ይነዳል፤ አየር አይገባም፤ የጋለ ብረት በጋለ አየር አይበርድም። ማሽኑን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ አይቻልም፤ የሚግለውና አባቴ የሚነካው ያው አንድ ዕቃ ነው። ማንደጃው ወጥቶ መስኮቱ ቢከፈት ግን፣ ከአንኮበር ተራራ የሚመጣው ነፋስ ማንም ፋብሪካ ከሚሠራው ማቀዝቀዣ ይበልጣል።

እናቴ ሰምታ ጨረሰችና «ለዕቃ ብዬ ሰው አልገድልም» አለች።

ሊያስረዳት ሞከረ፤ አልሰማችውም። ልክ ነበረች ብዬም አስባለሁ፤ ያን ሁሉ ወር በሕይወት ያቆየችው እሷ ነበረች። እኔም ከማን ጋር እንደምቆም አላወቅሁም። ቤቱ ውስጥ ሁለት በሽተኞች ነበሩ፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። ሳምንቱ በኩርፊያ አለፈ። ወንድሜ ማሽኑን መክፈት ተወ። አባቴ ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያየ ይውላል።

እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አባቴ ወደ ማሽኑ ጠቆመ። ወንድሜ ካሴቱን አስጮኸ። አባቴ ጣቱን አነሳ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስሚኝማ» አላለም። ሰላምታም፣ ምስጋናም፣ ምንም የለበትም። «መስኮቱን ክፈቺው» ብሎ ጻፈ፤ በቃ።

እናቴ አነበበችው። እንደዚያ ባዶ ቃል በሕይወቱ ተናግሯት አያውቅም። ነጠላዋን ሳታወልቅ ማንደጃውን ራሷ አንስታ ወደ ደጅ አወጣች፤ ጋዜጣውን ቀደደች፤ ጨርቁን በቢላ ጫፍ እየነቀሰች አወጣች፤ መስኮቱን በሁለት እጇ ገፋችው። የኅዳር ነፋስ ገባ። ባናውን አባቴ ላይ እስከ አገጩ አለበሰችው፤ የራሷን ጋቢ ደረበችበት፤ ራሱን በሻሽ ጠመጠመችለት። የቀረው ዓይኑና ግራ እጁ ነበር።

አባቴ ጀመረ። ስሚኝማ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን አሳለፍን። እናቴ አጠገቡ በርጩማው ላይ ሆና ጮክ እያለች ታነባለች፤ ትንፋሿ በብርዱ ይታያል። እኔንና ወንድሜን ወዲያ በሉ አላለንም፤ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። እግዜር የሰጠን ልጆች። ወንድሜ የአሉሚኒየሙን ክንፍ በእጁ ጀርባ ነካውና ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ቀዝቅዟል። አባቴ የማናውቀው ቦታ ገባ።

«እግዜር የሰጠን ልጆች የእኛ አይደሉም። አደራ ናቸው። አደራ የሰጠ በፈለገ ጊዜ ይጠይቃል።»

እናቴ ከንባቡ ቀና አለች። «ስሙን ንገረኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «አልቆጣም። አምጡት። አልጋውን አንጥፌዋለሁ።»

አባቴ «አይደለም» በሚል ዓይነት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንባው በሻሹ ላይ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ እንደገና ጣቱን አነሳ።

«የነፍስ አባታችንን ጥሩ። የእድራችንን ሰዎች ጥሩ።»

እናቴ «የ፣ እ፣ ድ፣ ራ» ብላ ቆመች። ቀሪውን ፊደል አልጠራችውም። በእኛ አገር ይህ ቃል ለማን እንደሚነገር ማንም አያስረዳህም። መርዶ በባዶ አፍ አይነገርም፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል፣ ንግግሩ ከሩቅ ይመጣና ሰውየው መሬት ሲወድቅ የሚይዙት እጆች ቀድመው ይቀመጣሉ። አባቴ ይህን ለስንት ቤት አድርጓል። ለራሱ ቤት ሊያደርገው በነበረበት ዕለት ነው የወደቀው፤ ከዚያ በኋላም ጣቱ በተንቀሳቀሰች ቁጥር፣ ማሽኑ የሚቃዥበት ሰዓት እንደሚቃረብ እያወቀ፣ እናቴን በድንገት ላለመጣል ከሩቅ ይጀምር ነበር። እኔ ደግሞ መጨረሻውን ብቻ ጻፈው ብዬዋለሁ።

ወንድሜ ጎረቤት ሊጠራ ወደ በሩ ተራመደ። እናቴ ሳትዞር «ቁም» አለችው። ለአባቴም «ጨርሰው» አለችው።

አባቴ ጻፈ። ታናሻችን ከነበረበት ጦር ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ጫጫ ላይ መኪና ሲቆም ወርዶ አባቴን አገኘው። ወታደሩና ታናሻችን አብረው ነበሩ። የሞተው በጠዋት ነው፤ ብዙ አልተሠቃየም፤ የቀበሩት ጓደኞቹ ናቸው፤ መስቀሉን አንገቱ ላይ ትተውለታል። ወታደሩ ይህን ነግሮት በዚያው መኪና ሄደ። ከአባቴ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ያን ሁሉ አስጻፈው፤ አንድም ጊዜ አልቆመም። እናቴ ሁሉንም አነበበችው። የራሷን ልጅ መርዶ ፊደል በፊደል እየጠራች፣ አንዱንም ሳትዘል፣ በራሷ ድምፅ ለራሷ አረዳች።

ሲያልቅ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ደረቷን ትመታለች፣ መሬት ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተጠግቼ ነበር። እሷ ግን ከበርጩማው ተነሥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከባናው ሥር የአባቴን በድን ቀኝ እጅ ፈልጋ አወጣችና በሁለት እጇ ያዘችው።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ከጫጫው መንገድ ጀምሮ ይህን ቃል ለአባቴ ያለው ሰው አልነበረም።